ስድስተኛው ቋጠሮ

እኔ እንደ ወንድሜ ለስላሳ አፍ የለኝም። ደንበኛ ሲከራከረኝ እከራከራለሁ፣ ሲያሾፍብኝ አኮርፋለሁ፤ «አንቺስ ለንግድ አልተፈጠርሽም» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ያም ሆኖ ጎባ ያለው የቤተሰባችን የብር ጌጥ ሱቅ ዛሬ በእኔ እጅ ነው። ለምን ለእኔ እንደተተወ አጣርተው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አባቴ ነው፤ ሞቷል። ሌላዋ ጎሮ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ እናት ናቸው። እኔ ራሴ የሰማሁት ከሁለቱ በኋላ ነው።

ሱቁን የከፈተው አያቴ ነው። ከሐረር በኩል በቅሎ እየነዳ ሲመጣ ይዞት የነበረው አንድ ወናፍ፣ ሁለት መዶሻና አንድ ጉጠት ብቻ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ጎባ ጎባ ነበረች። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ እሷ፤ ዳኛው እሷ ጋ፣ ሹሙ እሷ ጋ፤ ክስ ያለበትም የሌለበትም ወደ እሷ ይመጣል። ገጠሬው ጠገራ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ ይመጣል፤ አያቴ አቅልጦ አምባር፣ አልቦ፣ የአንገት ጌጥ ያደርግለታል። ብራችንን ይወዱት ነበር። እኛን ግን እንጃ። አንጥረኛ ነንና! ከእሳትና ከመዶሻ ጋር የሚውል ሰው ዓይኑ ደግ አይደለም ይባላል። በሠራንላቸው ጌጥ ይሞሸራሉ፣ ልጃቸውን ግን አይድሩልንም። ለእኔም አንድ ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የልጁ እናት «ከአንጥረኛ ቤት?» ብለው አፈረሱት። በእኔ ቦታ ለመጣችው ሙሽራ አምባር ያዘዙት ግን እዚያው አባቴ ዘንድ ነው። ይሄ ሲነሳ ወንድሜ ይስቃል፤ እኔ እስካሁን አልሳቅኩም።

የሱቁ ሕግ የመጣው ከአያቴ ጥፋት ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የአንገት ጌጧን ሸጠችለት። አያቴ የሰው ሥራ አስቸኩሎት ነበርና ዕለቱኑ አቀለጠው። በማግስቱ ጠዋት ሴትየዋ ገንዘቡን እንደተቋጠረ ይዛ ከተፍ አለች፤ «እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ መልስልኝ» አለችው። በእጁ ያለው እፍኝ የማይሞላ ድብልብል ብር ነው። ያንኑ አወጣላት። አገላብጣ አየችውና «ይሄ ማነው?» አለችው። ድብልብሉን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ ዳግመኛ በዚያ በር አላለፈችም።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ሱቅ ከሰው የተገዛ አሮጌ ጌጥ ስድስት ጁምዓ ሳያልፈው እሳት አይነካውም። ሻጩ ተጸጽቶ ከመጣ በሸጠበት ዋጋ ይመለስለታል፤ ትርፍ የለም፣ ለምን ብሎ መጠየቅም የለም። ጌጡ የሚቆየው በወይራ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የአማና ሳጥን እንለዋለን፣ የአደራ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጌጥ ላይ ጥቁር ክር ይታሰራል። አባቴ ዘወትር ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ፣ ምሳ ሳይቀምስ፣ ሳጥኑን ይከፍትና በየክሩ ላይ አንዳንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ስድስት የሞላው ይቀልጣል። ያልሞላውን ንጉሥ ቢመጣም አይነካውም። ልጅ ሆኜ ርቦኝ እያለቀስኩ እንኳ ቋጠሮው ሳያልቅ ምሳ አይቀርብም ነበር።

አባቴ ሌላም ልማድ ነበረው። በእጁ የሠራው ጌጥ ሁሉ ከውስጥ በኩል፣ ገላ የሚነካው ላይ፣ አንዲት አጭር ጭረት አለችው። በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል፤ በአውራ ጣት ግን ትገኛለች። እርጅና ዓይኑን ሲያደክመው፣ ጌጥ ሲሰጡት ቀድሞ የሚልከው አውራ ጣቱን ነበር። «ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ የአባቴ ነው፣ ይሄን የሠራው ሌላ ሰው ነው» እያለ ይለያል። ላሳስተው ስንት ጊዜ ሞክሬ አፍሬ ተመልሻለሁ።

እንግዲህ ጎባ ቀዘቀዘች። ብርዱንማ ከጥንትም አላጣነውም፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ጉም ገና በዘጠኝ ሰዓት መንገዱን ይሸፍነዋል። የቀዘቀዘው ሰዉ ነው። ቢሮው ሮቤ፣ ዩኒቨርሲቲው ሮቤ፣ ፎቁ ሮቤ። የሚኒባስ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ «ሮቤ! ሮቤ! ሮቤ!» እያሉ ይጮኻሉ። ወንድሜም ነቃ፤ እዚያው ሮቤ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ባለመስታወት ሱቅ ከፈተ። ወርቁ ተሠርቶ ከአዲስ አበባ ይመጣለታል፤ የእሱ ሥራ መብራት አብርቶ መሸጥ ነው። አሮጌ ወርቅ ሲገዛም በማግስቱ ለአቅላጭ ይልከዋል። «ስድስት ጁምዓ?» ይለኛል፣ «አንቺ ሱቅ ሳይሆን መቃብር ነው የምትጠብቂው።» እኔም መልስ አላጣም፤ «አንተ ደግሞ የምትሸጠው መብራት ነው» እለዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ደንበኛ ሳይገባ ሲመሽ የእሱ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነበር በሩን የምዘጋው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አባቴ ሳንባውን ታመመ። ዕድሜ ልኩን ከሰል ሲያናፋ ኖሮ የገዛ ትንፋሹ አጠረው። ሆስፒታል ሲተኛ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ወንድሜ አጠገባችን ቆሟል፤ ሱቁ ይዘጋ፣ ቤቱ ይከራይ ሲል የሰነበተው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ሱቅ በቀር ምንም የለኝም። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ሱቁ ከተዘጋ ወንድሜ መብራት ሥር ቆሜ የሰው ጣት ላይ ቀለበት ስለካ መዋሌ ነው። ሁለታችንም የአባቴን አፍ አየን። «እኔ ሳልሞት እወስናለሁ» አለ። «እስከዚያ እሷ ትሞክረው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቋጠሮውን አትርሺ» አለኝ። ለአባቴ ሱቁን መያዝ እንደምችል ላሳየው ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እኒያ ሴት ወደ ሱቁ ገቡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ሰላምታውን በኦሮምኛ አዥጎደጎዱት፤ የእኔን፣ የቤቱን፣ የከብቱን ደኅንነት ጠየቁ፤ ከብት የት አባቴ አምጥቼ! «ነጋ፣ ነጋ» አልኩ፣ ሰላም ነው ለማለት። ከዚያ ሳይቀመጡ ግራ እጃቸውን ዘረጉና ሳሙና ካለ ጠየቁኝ። ሳሙናና ውሃ አመጣሁ። አንጓቸው ላይ የነበረው አምባር ብዙ ታግሎ ወጣ፤ ቦታው ላይ የቀረው ገላ ነጭ ሆኖ ታየኝ።

«ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች» አሉ በአማርኛ። «መድኃኒት መግዛት አለብኝ።»

አምባሩ የድሮ ሥራ ነው፤ ስስ፣ ውስጡ ክፍት። የእኛ ቤት ሥራ አይደለም። ዳር ዳሩ ላይ ጎድጎድ ጎድጎድ ያሉ ነገሮች አሉት፤ ከድንጋይ ጋር የተጋጨ መስሎኝ አለፍኩት። ገንዘቡን ሰጥቼ የሱቃችንን ሕግ ነገርኳቸው። «ስድስት ጁምዓ ይቀመጥልዎታል፣ እናቴ። ከመጡ የእርስዎ ነው።» በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ ስድስት ቆጠሩ። «ኢንሻአላህ፣ ልጄን ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብለው ወጡ።

ለአባቴ ሳወራለት አወቃቸው። ልጃቸው የተኛችው ከእሱ ክፍል ማዶ ነው። ለልጃቸው ሙቅ ባመጡ ቁጥር አንድ ኩባያ ለእሱ ይቀዱለት ነበር። «የእኒያን ሴት አምባር አደራ» አለኝ። «አማና ነው።» አባቴ አደራን ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ተናገረ።

ጁምዓ መጣ፣ ቋጠርኩ። ሁለተኛው መጣ፣ ቋጠርኩ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ከአምስተኛው በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሆስፒታል ስሄድ አባቴን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። «ልጅቷ ሞተች» አለኝ። «ትናንት ወደ ጎሮ ወሰዷት።» ኢናሊላሂ አልን። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ዕለትና ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ አንድ የቡና ነጋዴ አንገቱ ከሚባለው አገር መጣ። ልጁን ሊድር ነው፤ ሰርጉ የፊታችን እሁድ። የሚያብረቀርቀውን አልፈልግም አለ፤ እናቱ ሲያገቡ ያደረጉትን ዓይነት የብር ጌጥ፣ የአንገትና የእጅ፣ ለልጁ ይፈልጋል። ወይ እድል! ከስንት ወር በኋላ የመጣ ደህና ሥራ ነው። ያለኝን ብር መዘንኩ፤ ለአንድ አምባር ያህል ጎደለኝ። ሰውየው ማመንታቴን አየና «ካልሆነ ሮቤ ወንድምሽ ጋ ልሞክር» አለ። ምነው ይሄን ባላለ! «ይሆናል» አልኩት። አፌ ነው የተናገረው፤ እጄ ገና ምን እንደሚሠራ አላወቀም።

ሰውየው እንደወጣ የአማና ሳጥኑን ከፈትኩ። ውስጡ ያለው የእኒያ ሴት አምባር ብቻ ነው። አምስት ቋጠሮ። ጁምዓ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ሦስት ቀን ከጠበቅኩ ደግሞ ሥራው ለእሁድ አይደርስም። «ለመድኃኒት የተሸጠ ብር፣ ታማሚዋ ከሞተች ማን ይፈልገዋል?» አልኩ። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት፣ ያውም ድምፄን አውጥቼ። ክሩን ይዤ ስድስተኛውን ቋጠሮ በማክሰኞ ቋጠርኩት። ለምን እንደቋጠርኩት እንጃ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ ዝም ብዬ ማቅለጥ እችል ነበር። ግን ስድስት ካልሞላ እጄ እሺ አላለኝም፤ እናም እጄን አታለልኩት። ክሩን በመቀስ ቆርጬ ወደ ሳጥኑ መለስኩ፣ አምባሩን ማቅለጫው ውስጥ አስቀመጥኩ። ስስ ስለነበር ለመቅለጥ ጊዜ አልፈጀም።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሱቅ ነው እኮ፣ ማን ያንኳኳል? ቀና ስል እኒያ ሴት ናቸው። ከስተዋል፤ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። ገና ከደጁ «ነገ ስድስተኛው ጁምዓ ነው» አሉኝ። «ነገ አንድ ነገር እንዳያግደኝ ብዬ ዛሬ መጣሁ። ጊደር ሸጥኩ።» መሐረባቸውን ፈትተው ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

እውነቱ አንድ ቃል ነበር፤ «አቀለጥኩት» ማለት ብቻ። አፌ ተሳሰረ። ሌላ ጊዜ ዝም በይ ሲሉት እምቢ የሚል አፍ ያን ቀን ተሳሰረ! መስታወት መደርደሪያው ውስጥ አባቴ ሳይታመም የሠራው አንድ አምባር ነበር፤ የእጁን ሥራ ማቅለጥ ስላልደፈርኩ የተውኩት፤ እሱም ስስ፣ ውስጡ ክፍት፣ ልኩም ያው። እሱን አውጥቼ በጨርቅ ወለወልኩና ሰጠኋቸው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስካሁን የሚያስፈራኝ ያ ነው።

ተቀብለው ዳር ዳሩን በጣታቸው ዞሩት። ደግመው ዞሩት።

«ጎድጎድ ያለው የታለ?» አሉኝ።

«አቃናሁልዎት» አልኩ። «ተጋጭቶ ነበር። በነፃ ነው፣ ለአባቴ ሙቅ ስለሰጡልኝ።»

ውሸቱ ሳያንሰኝ ምርቃት ጨመርኩበት።

«ማን አቅኚው አለሽ?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ። ጠረጴዛውን ተደገፉ። «ጥርሷ ነው እኮ፣ ኢንተላ ኮ፣ የልጄ። ስታበቅል ድዷን እያሳከካት ታለቅስ ነበር። ክንዴን ስሰጣት አምባሩን ትነክሰዋለች፣ ዝም ትላለች። የላይኞቹ እዚህ ጋ ነበሩ፣ የታችኞቹ እዚህ ጋ።» ምንም በሌለበት ለስላሳ ብር ላይ በጣታቸው አሳዩኝ። «ፎቶዋ ያለው ስልኳ ውስጥ ነው፤ እሱንም ቆልፋው ሄዳለች፣ መክፈቻውን የሚያውቅ የለም። እኔ ጋ የቀረው ይሄ ነበር።»

«አላወቅኩም፣ እናቴ» አልኩ። ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው። አምባሩን አጠለቁት። ክንዳቸው ከስቶ ስለነበር ያለ ሳሙና ገባ። ገንዘቡን ይመልሱ ማለት እንኳ አቃተኝ፤ ከመለስኩ ነገሩ የሚታወቅብኝ መሰለኝ። እጄ ይቆረጥ፣ ተቀበልኳቸው!

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሱቁን ዘግቼ የሕመምተኛ መጠየቂያው ሰዓት እስኪደርስ ቁጭ አልኩ። ሆስፒታል ሄጄ ለአባቴ ልነግረው ወሰንኩ፤ ሱቁንም ይንሳኝ፣ ይርገመኝም፣ ብቻ ከእኔ አፍ ይስማው። መንገዱን ሙሉ ቃሉን እየደጋገምኩ ሄድኩ፤ «አባ፣ ጁምዓ ሳይደርስ አቀለጥኩት፤ አባ፣ ጁምዓ ሳይደርስ አቀለጥኩት።»

ገና ሳልቀመጥ «ሴትዮዋ መጥተው ነበር» አለኝ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። «የልጃቸው ብርድ ልብስ እዚህ ቀርቶ ኖሮ ሊወስዱ። እግረ መንገዳቸውን ሊሰናበቱኝ ገቡ። አምባሩን አጥልቀውታል።»

«ምን አሉህ?» አልኩ።

«አማናዬን አግኝቻለሁ፣ ልጅዎ ጠብቃ ሰጠችኝ አሉኝ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አምነውኛል ማለት ነው። የተነገራቸውን ተቀብለው፣ አመስግነውኝ ሄደዋል። «አባ...» አልኩ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ለመናገር ትንፋሹን መሰብሰብ ነበረበት።

«ወንድምሽን ነገ እነግረዋለሁ። ሱቁ ያንቺ ነው፤ ሳጥኑም ያንቺ ነው።» አረፍ አለ። «ብቻ፣ ልጄ፣ ጁምዓን አትቅደሚው።»

የሽማግሌ አነጋገር መሰለኝ። ሐሳቡ ወደ ሶላት የሄደ መሰለኝ። «እሺ አባ» አልኩት። ያጠናሁትን ቃል ዋጥኩት። ልንገረውና ይሄን ደስታውን ልንጠቀው? ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ሱቁ የእኔ ሆነ፤ ሮቤ መብራት ሥር አልቆምም። ልጁን ቀብሮ የመጣ ሰው አታልዬ፣ አባቴ ሞት አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ደስ አለኝ። ይሄን ካልጻፍኩ ሌላውን ባልጻፍኩት ይሻላል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ጁምዓ ኖረ፤ ሦስተኛው ሳይደርስ ሄደ። ወንድሜ የአባቴን ቃል አከበረ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቀብር የመጣው ሕዝብ ጎባ ያን ያህል ሰው አላት ወይ ያሰኝ ነበር። አንዱ ሲያለቅስ አባቴ የሠራለትን የብር ቀለበት ያነሳል፣ ሌላዋ የእናቷን አልቦ ታነሳለች። «የአማና ሰው» ይላሉ። እያንዳንዱ ሲለው እኔ አንገቴን እሰብራለሁ፤ ሰዉ ሐዘን መሰለው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ። መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር እኒያ ሴት በባዶ ብር ላይ የልጃቸውን ጥርስ ሲያሳዩኝ ይታየኛል። በመጨረሻ አንድ የገበያ ቀን ገንዘባቸውን በዚያው እንደቆጠሩት በመሐረብ አስሬ ሮቤ ወረድኩ፣ ከሮቤ ጎሮ ተሳፈርኩ። ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ነው። ጎሮ ስደርስ የቅቤ ተራውን ጠየቅኩ፤ «ልጃቸው ጎባ የሞተችባቸው» ስል ሦስት ሰው አንድ ላይ እጁን ቀሰረልኝ።

ቅል ፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል። አምባሩ ክንዳቸው ላይ አለ። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ስለ አባቴ ሞት አጽናኑኝ፤ ጀነት ይስጠው አሉ፤ አጠገባቸው በርጩማ ሳቡልኝ።

«እናቴ፣ ያ አምባር የእርስዎ አይደለም» አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። «የእርስዎን አቅልጬዋለሁ። ማክሰኞ። ጁምዓ ሳይደርስ።»

አንድ ሴት ቅቤ ልትገዛ ቆመች። ሸጡላት፤ እጃቸውን በቅጠል ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሃያ ምናምን ዓመት ክንዴ ላይ የኖረ ነገር ይጠፋኛል? ገና ስትሰጪኝ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«ምን ልልሽ? ቢቀልጥም አይመለስ፣ ብጮህም አይመለስ። ደክሞኝ ነበር፤ ለጠብ የሚሆን አቅም አልነበረኝም።»

«ለአባቴስ? ለአባቴ ለምን ጠብቃ ሰጠችኝ አሉት?»

የገበያው ከብት ይጮኻል። ከዚያ አምባሩን በሌላ እጃቸው ያዙት።

«ልጄን ደህና ትሆኛለሽ እያልኩ ነው የሸኘኋት። ለሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ለአባትሽም እንደዚያው ልል ነበር። አምባሩን ያሳዩኝ አሉኝ፤ አውልቄ ሰጠኋቸው። ከውስጥ በኩል በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ቆዩ። ብዙ ቆዩ። ‹የእርስዎ ነው?› አሉኝ። ‹የኔ ነው፣ ልጅዎ ጠብቃ ሰጠችኝ› አልኳቸው። ራሳቸው መልሰው አጠለቁልኝ። ‹ልጄን አይቀየሙብኝ› አሉኝ።»

በርጩማው ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። ያች ጭረት። በአውራ ጣት እንጂ በዓይን የማትገኘው። አባቴ የገዛ ሥራውን በሌላ ሰው ክንድ ላይ አግኝቶ፣ ምን እንዳደረግኩ ሁሉ አውቆ፣ እኔ ስገባ ትራሱን ተደግፎ ጠበቀኝ። «አባ» ስለው ያስቆመኝ ሊሰማኝ ስላልፈለገ ነው? ወይስ እንድናገር ፈልጎ፣ አለመናገሬን ሊያይ? ያን አላውቅም፤ እድሜ ልኬን አላውቅም። የማውቀው ሱቁን የሰጠኝ አሳየሁት ብዬ ባሰብኩት ነገር አለመሆኑን ነው። አውቆ ሰጠኝ። ጁምዓን አትቅደሚው ብሎ።

ገንዘቡን አቀረብኩላቸው። አልተቀበሉኝም። አምባሩን ልውሰደውና በክብደቱ ሌላ ልሥራልዎት አልኩ፤ ሞኝነቴ! «ተይው» አሉ። «ለምጄዋለሁ። ጥርስ የለውም እንጂ ደህና አምባር ነው።» ስነሳ አንድ ጭብጥ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው እጄ ውስጥ ጨመሩ። ለእንግዳ ነው አሉ። እምቢ ለማለት ፊት አልነበረኝም፤ ይዤው ተሳፈርኩ፤ ጎባ እስክደርስ ጭኔ ላይ ቀልጦ ቀሚሴን አበላሸው።

አሁን ሱቁን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አሮጌ ብር የሚሸጥልኝ ሰው በወር አንድ ቢመጣ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ፣ ምሳ ሳልቀምስ፣ ሳጥኑን እከፍታለሁ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው የእኒያ ሴት ገንዘብ በመሐረብ እንደታሰረና ያ ጥቁር ክር ብቻ ነው። የምቋጥረው ስለሌለ ክሩን አውጥቼ ለመፍታት እሞክራለሁ። ስድስተኛው ቋጠሮ አልፈታ ብሎኛል፤ በመርፌ ሞከርኩት፣ በጥፍሬ ሞከርኩት፣ ባለፈው ጁምዓ በጥርሴ ሞከርኩት።